«በጽኑ እናወግዛለን» ስንል ምን እያልን ነው?

ሰው በተገደለ ማግስት ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ መግለጫ ይወጣል። ከላይ አርማ፣ ከታች ማኅተም፣ መሐል ላይ ሁለት ሦስት አንቀጽ። አንዳንዱ የፓርቲ ነው፣ አንዳንዱ የማኅበር፣ የኤምባሲ ወይም የክልል ኮሙኒኬሽን ቢሮ። የሚያወጣው ይለያይ እንጂ አንዷ ዓረፍተ ነገር አትቀርም፦ «በንጹሐን ዜጎች ላይ የተፈጸመውን ዘግናኝ ጥቃት በጽኑ እናወግዛለን።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንዳነበብናት ስለማይታወቅ ዓይናችን ዘሏት ያልፋል። ማውገዝ ግን በአማርኛ ከባድ ቃል ነው። ያወገዘውንም የተወገዘውንም የሚያስር ቃል ሆኖ ነው የኖረው። አሁን ማንንም ሳያስር በየቀኑ ይጻፋል። ልጁን ቀብሮ ገና እርሙን ላላወጣ አባት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔንም ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

እስቲ ዓረፍተ ነገሯን ቀረብ ብለን እንያት። «የተፈጸመውን» ትላለች። ማን ፈጸመው? አልተነገረም። አማርኛ አድራጊውን ለመጥራት አይቸገርም። «እገሌ የፈጸመውን» ማለት ይቻላል፣ የሚጨመረው አንድ ቃል ነው። ያ አንድ ቃል ሲቀር ጥቃቱ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ቀጥሎ «ንጹሐን ዜጎች» ይላል። ስንት ናቸው? የየትኛው ቀበሌ ሰዎች ናቸው? ገበያ ላይ ነበሩ ወይስ ቤታቸው ተኝተው? «ዘግናኝ» የሚለው የጸሐፊውን ስሜት ይነግረናል እንጂ ስለተደረገው ነገር ምንም አይነግረንም። «በጽኑ» ደግሞ አለ። ምኑ ነው የጸናው?

ከዚያ ብዙ ጊዜ የምትከተለው «የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ እናሳስባለን» የምትለዋ ናት። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ አይጠቀስም። አንዳንዴ መግለጫውን ያወጣው ቢሮ ራሱ የሚመለከተው አካል ነው። እዚህ ላይ ነገሩ በጣም ያሳስበኛል። ጎረቤት ያወግዛል፣ ማኅበር ያወግዛል፣ የሃይማኖት አባት ያወግዛል። በእጁ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ያለው መንግሥት ግን ዋና ሥራው መጠበቅ፣ መያዝና መክሰስ ነው። ያንን ሳያደርግ «አወግዛለሁ» ብቻ ካለ፣ እንደማንኛችንም ከዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ሆኗል ማለት ነው።

ቃሉ ከየት መጣ? ከግእዝ ነው። አውገዘ፣ ውጉዝ፣ ውግዘት፣ ግዝት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በቤታችን የቀረው ግዝት ነው። እናት ልጇን «እዚያ ቤት እግርህ እንዳይደርስ፣ በማርያም ገዝቼሃለሁ» ካለችው ነገሩ ከምክር አልፏል። የነፍስ አባት ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾችን «እንዳትነካኩ ገዝቻለሁ» ካሉ፣ ከመካከላቸው ዱላ የሚያነሣው ሁለቴ ያስባል። በገጠር ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ ሕዝቡ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። «አይቶ የደበቀ፣ ሰምቶ ያልተናገረ» እየተባለ በግዝት ይጠየቃል። ጎረቤቱን የሚፈራ ሰው ግዝቱን ይበልጥ ይፈራና ይናገራል። ማለትም ግዝቱ ወንጀለኛውን ብቻ አይነካም። ያየውንም ዝም እንዳይል ያስረዋል።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የውግዘት ዋና ማስታወሻ አርዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት ትምህርቱን መርምረው አወገዙት። «ውጉዝ ከመ አርዮስ» የሚለው ሐረግ ከዚያ የመጣ ነው። ሐረጉ ጉባኤ ላይ ብቻ አልቀረም። ነገሥታት ለገዳምና ለደብር ጉልት፣ ማለትም ግብር የሚያስገኝ መሬት፣ ሲሰጡ፣ ስጦታውን በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ያስጽፉ ነበር። መጨረሻው ላይ ይህን ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ውጉዝ ይሁን ተብሎ ይዘጋል። ዛሬ የሊዝ ውልና ካርታ የሚሠራውን ሥራ ከፊሉን ያ ግዝት ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ኃይሉ የቱን ያህል እንደነበር ለማየት የልጅ ኢያሱን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ዐፄ ምኒልክ በሕመማቸው ዘመን የልጅ ልጃቸውን ወራሽ አድርገው ሲያሳውቁ ሕዝቡንና መኳንንቱን በግዝት አሰሩ። «ጥቁር ውሻ ይውለድ» የሚለው የእርግማኑ ቃል እስከ ዛሬ ይነገራል። ከዓመታት በኋላ መኳንንቱ ኢያሱን ለማውረድ ሲነሡ ጦር ማሰለፍ ብቻ አልበቃቸውም። ከመሐላው የሚፈታቸው ሰው አስፈለጋቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ያንን ያደረጉት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ናቸው። ጳጳሱ ማሰሪያውን ባይፈቱ ኖሮ መኳንንቱ እጃቸውን ለማንሣት ይቸገሩ ነበር። በግብጽ የተሾሙ አንድ መነኩሴ የተናገሩት ቃል ዘውድ አወረደ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ኃይል ግን ሥርዓት ነበረው። ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ እንደተጻፈው፣ ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ ለብቻው ንገረው። ካልሰማ አንድ ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ። ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ውግዘት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲመጣም ስም ይጠራል፣ ጥፋቱ ይነገራል፣ ቅጣቱ ይታወቃል፣ የመመለሻው በርም ይነገራል። ንስሐ ገብቶ የተመለሰውን ያሰረው ይፈታዋል።

ይህን በቅርቡ በዓይናችን አይተነዋል። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ወሊሶ አካባቢ፣ ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጪ 26 መነኮሳትን በኤጲስ ቆጶስነት ሾሙ። ጥር 18 ቀን ሲኖዶሱ ሦስቱንና ከተሿሚዎቹ 25ቱን አወገዘ። በስም። ሥልጣነ ክህነታቸው መነሣቱ ተነገረ። በይቅርታ ለሚመለስ በሩ ክፍት መሆኑም አብሮ ተነገረ። በነነዌ ጾም ምእመናን ጥቁር ለብሰው የወጡት ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ስለገባቸው ነው። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ላይ መደረሱ ሲነገር፣ ከሁሉ በፊት የተጠየቀው «ውግዘቱስ?» የሚል ነበር። በዚያ ክርክር ውስጥ ማን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ አላነሣም። ማየት የፈለግሁት የቃሉን አሠራር ነው። ውግዘቱ መቼ እንደጀመረ፣ በማን ላይ እንደሆነና ምን ቢደረግ እንደሚነሣ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር።

በውጭ የሚኖሩት ደግሞ ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወርደው ከተሰደዱ በኋላ ሲኖዶሱ አዲስ አበባና አሜሪካ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ፣ ተወጋገዘም። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች አንዱ ደብር «የእናት ቤተ ክርስቲያን»፣ ሌላው «የስደተኛው ሲኖዶስ»፣ ሦስተኛው «ገለልተኛ» ተባለ። የልጅ ክርስትና የት ይነሣ፣ ሰርጉ የት ይሁን የሚለው የቤተሰብ ጭቅጭቅ ሆነ። ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ውግዘቱ ከሁለቱም ወገን መነሣቱ ሲታወጅ ያለቀሱ ሰዎችን አይተናል። አምስት ቀን ቆይተው አቡነ መርቆሬዎስ አገራቸው ገቡ። ሰው እንዲህ የሚያለቅሰው ቃሉ ለዓመታት በኑሮው ውስጥ ስለነበረ ነው።

ከሁሉም በላይ ከባዱ ውግዘት ግን የአቡነ ጴጥሮስ ይመስለኛል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ወታደሮች አዲስ አበባ ላይ በጥይት ገደሏቸው። ለወራሪው የሚገዛውን ሰው፣ ምድሪቱንም ጭምር ማውገዛቸው ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር መጥቷል። የቆሙት አፈሙዝ ፊት ለፊት ነው። ጠላታቸውን ያውቃሉ፣ በስሙ ይጠሩታል፣ ዋጋውንም ራሳቸው ይከፍላሉ። ሐውልታቸው ቆሞ የሚታየው ለዚህ ነው።

ታዲያ ቃሉ እንዴት ቀለለ? አንዱ ምክንያት ፖለቲካችን ይመስለኛል። በአብዮቱ ዘመን ማውገዝ የሰልፍ ግዴታ ሆነ። «ፊውዳሊዝም ይውደም! ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ይባላል፣ እጅ ይወጣል። በቀበሌ ስብሰባ ጎረቤት ጎረቤቱን «አናርኪስት» ብሎ እንዲያወግዝ ይጠበቅ ነበር። ዝም ያለ ይጠረጠራል። በቀይ ሽብር ዘመን ያ ጥርጣሬ ሰው ያስገድል ነበር። እንዲህ ሲሆን ውግዘት ከኅሊና መውጣቱ ይቀርና ራስን ማዳኛ ይሆናል። ሰው የሚጮኸው ስላመነ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ሲጮህ ስላየ ነው። ያ ልማድ ከደርግ ጋር አብሮ የሄደ አይመስለኝም።

ዛሬ ቀበሌው ስልካችን ውስጥ ገብቷል። አንድ አርቲስት የልጁን የልደት ፎቶ ይለጥፋል። ከሥር የሚመጣው አስተያየት «ትናንት ሰው ሲታረድ የት ነበርክ? ለምን አላወገዝክም?» የሚል ነው። ካወገዘ ደግሞ ሌላው ወገን «ያኔ የእኛ ሲሞት ለምን ዝም አልክ? መጀመሪያ ያንን አውግዝ» ይለዋል። ስለ ሟቾቹ የሚያወራ ሰው ይጠፋል። ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የት እንደተቀበሩ ማንም አይጠይቅም። ጥያቄው ሁሉ «አንተ ከማን ጋር ነህ?» የሚል ይሆናል።

ይህን ስል የተመረጠ ውግዘት አያሳምምም ማለቴ አይደለም። ያሳምማል፣ በጣም። የራሱ ወገን ሲገደል ሦስት ገጽ የሚጽፍ፣ የሌላው ሲገደል «ከሁለቱም ወገን ግድያው ይቁም» በምትል አንዲት መስመር የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። ያንን ማየት እንደገና መጎዳት ነው። ሆኖም መፍትሔው ሰውን ሁሉ በየቀኑ እያስወገዙ መዋል አይደለም። ሥልጣን ያለው፣ ሚዲያ ያለው፣ የታጠቀ ወገን ያለው ሰው ዝም ሲል መጠየቅ አለበት። ጉልት ቸርችራ የምታድር ሴት ፌስቡክ ላይ ስላላወገዘች መጠየቅ የለባትም።

ሌላው ምክንያት ዲፕሎማሲ ነው። እዚያ ውግዘት ደረጃ ካላቸው ቃላት አንዱ ነው። «በቅርብ እየተከታተልን ነው» ከታች ነው። ከዚያ «ያሳስበናል»፣ ከዚያ «በእጅጉ ያሳስበናል»፣ ከዚያ «እንነቅፋለን»፣ ከዚያ «እናወግዛለን»፣ ከላይ «በጠንካራ ቃላት እናወግዛለን»። ሰዎች ሌሊቱን ተቀምጠው በእነዚህ ቃላት ይደራደራሉ።

ጥሩ ምሳሌው የዩክሬን ጦርነት ነው። የካቲት 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በቀረበው ረቂቅ ላይ መጀመሪያ «ያወግዛል» የሚል ቃል ነበር። ቻይና ተቃውሞዋን ትታ ድምፀ ተአቅቦ እንድታደርግ ሲባል፣ በኀዘንና በነቀፋ መካከል ወዳለ ለዘብ ያለ ቃል ተቀየረ። 11 አገሮች ደገፉት፣ ሩሲያ ድምፅን በድምፅ በመሻር ሥልጣኗ ጣለችው። ከአምስት ቀን በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው ያንኑ ለዘብ ያለ ቃል የያዘ ውሳኔ በ141 ድምፅ አጸደቀ። 5 ተቃወሙ፣ 35 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም። ምክር ቤቱ የሚያወጣው ወረቀትም ዓይነቱ ይለያያል። የጋዜጣ መግለጫ የሚወጣው 15ቱም አባላት ሲስማሙ ነው፣ ማንንም ግን አያስገድድም። ውሳኔ 9 ድምፅ ይፈልጋል፣ ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱም መቃወም የለበትም። «ምክር ቤቱ አወገዘ» የሚል ዜና ስናነብ የትኛው ወረቀት እንደሆነ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቃል ያለ ተግባር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ አገር ጥቂት ነው። መስከረም 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) ምክር ቤት፣ ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት መክፈቷን ገለጸ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የጉባኤው አብዛኛው አባል ተስማማ። ማዕቀብም ተጣለ። ነዳጅ ግን ማዕቀቡ ውስጥ አልገባም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የሙሶሊኒ መርከቦች ወታደሩንና ጭነቱን ይዘው በዚያው አለፉ። የመርዝ ጋዙም በሰውና በከብት ላይ ዘነበ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ቆመው ለማኅበሩ ተናገሩ። በሳምንታት ውስጥ ማዕቀቡ ተነሣ። በቃል ደረጃ ዓለም ኢጣልያን ጥፋተኛ ብሏል። አያቶቻችንን ግን አላዳናቸውም።

የዜና ክፍሎቻችንም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። አንድ ቃል አቀባይ «ስጋት አድሮብናል» ሲል ርእሱ «አሜሪካ አወገዘች» ይሆናል። ሌላው አንድን አሠራር ሲተች «ክፉኛ አወገዘ» ይባላል። እነዚህ ቃላት ግን የየራሳቸው ቦታ አላቸው። የምንተቸው ሥራን ነው። የምንነቅፈው ጥፋትን ነው። መኮነን ፍርድ አለበት። መፈረጅ ደግሞ የሕግ ውጤት ሊያመጣ ይችላል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድን ድርጅት በሽብርተኝነት ሲፈርጅ የባንክ ሒሳብ ይታገዳል፣ ሰው ይከሰሳል። ማውገዝ «ይህ ድርጊት ከእኔ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጥም» እንደማለት ነው። ለመንገድ መቆፈርም፣ ለእግር ኳስ ዳኛም፣ ለጅምላ ግድያም «አወገዘ» ካልን ለመጨረሻው የሚሆን ቃል አይኖረንም።

ጥሩ መግለጫ መጻፍ ያን ያህል ከባድ አይደለም። እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ እንበል፦ «ማክሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ በእገሌ ወረዳ በእገሌ ቀበሌ፣ የእገሌ ታጣቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ አሥራ አንድ ሰው ገድለዋል። አራቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ነዋሪዎቹ ከሁለት ቀን በፊት ለወረዳው ፖሊስ አሳውቀው ነበር፣ የመጣላቸው የለም። ይህን እናወግዛለን። ታጣቂዎቹ ከእኛው ወገን ነን ቢሉም እናወግዛቸዋለን። የተፈናቀሉትን ቤተሰቦች በዚህ አዳራሽ እየተቀበልን ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ የደረሰበትን በየወሩ እናሳውቃለን።» እዚህ ውስጥ «በጽኑ» የለም፣ «ዘግናኝ» የለም። ግን ጸሐፊው ራሱን አስሯል። ከወር በኋላ ስልክ ደውሎ «የት ደረሰ?» ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን መካድ የለበትም። ስም መጥራት የሚያስገድልበት ቦታ አለ። ታጣቂ በተቆጣጠረው ከተማ ክሊኒክ ያለው የእርዳታ ድርጅት፣ ወይም ሹማምንቱ በሚጠሉት አካባቢ ያለ ትንሽ ማኅበር፣ «እገሌ ገደለ» ብሎ ከጻፈ ነገ ነርሷ ወይም ሹፌሩ ይታሰራል፣ ይገደላል። እነዚህ «የተፈጸመውን» ቢሉ አልፈርድባቸውም። ቢያንስ ቦታውን፣ ቀኑንና የሟቾችን ቁጥር ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ያዩትንም ምስክርነት እንደ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ላለ መርማሪ ተቋም በምስጢር መስጠት ይችላሉ። አዲስ አበባ፣ ዲሲ ወይም ለንደን ተቀምጦ፣ የሚያሰጋው ነገር ሳይኖር፣ ገዳዩን እያወቀ ስሙን የሚዘል ግን ይህን ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም። እሱን «ማን ፈጸመው?» ብለን ከመግለጫው ሥር መጠየቅ መብታችን ነው።